የወለላ አጥር

ቁጭ በሉማ። ይህ ወሬ ጊዜ አስበልቶ በባዶ እጅ የሚሸኝ ወሬ አይደለም። ሰምቶ የጨረሰ ሰው ነገ «ስምህ ማነው?» ሲባል ትንሽ ቆም ብሎ ያስባል። ያላሰበ ካለ ተመልሶ ይምጣና ይውቀሰን።

ከብዙ ተራራ ወዲያ ስም የሌላት አንዲት አገር ነበረች። ስም ያጣችው ድሃ ሆና አይደለም፤ ሰዎቿ ስለ ስም ሲጨቃጨቁ አገሪቱን መሰየም ረስተው ነው።

በዚያች አገር ቀን የሚጀምረው በፀሐይ ሳይሆን በጥሪ ነው። ማለዳ ማለዳ ታላቁ ጠሪ የሚባለው ሹም ግንቡ ላይ ይወጣና የአገሩን ስም ሁሉ ከላይ ጀምሮ ወደ ታች ይጠራል። ወደ ኋላ አይመለስም፣ ወደ ፊትም ተሻግሮ አያይም። ያልደረሰበትን አያውቅም፣ ያለፈውን አይረሳም። ጥሪው ካላለቀ ወፍጮ አይዞርም፣ ሱቅ አይከፈትም፣ ሙሽራ ከጫጉላ አይወጣም። እንግዲህ ጠሪው አንድ ስም በአንድ ደጅ ሁለት ጊዜ ከገጠመው ዘንጉን መሬት ይመታና «ተደገመ!» ይላል። በቃ። ያን ቀን አገር አይነሳም።

«በአንድ ደጅ» የምትለዋን ቃል ልብ በሉ፤ ነገሩ ሁሉ ያለው እሷ ላይ ነው። የዚያ አገር ስሞች የሚያድሩት በአራት ደጅ ነበርና።

አንደኛው የመንገድ ደጅ ነው። መልእክተኛ «ሂድ!» ተብሎ የሚላክበት ማረፊያ ሁሉ እዚህ ይሰየማል። ምልክቱም ከጎኑ የሚቆም ሁለት ድንጋይ ነው፤ አንዱ ከላይ፣ አንዱ ከታች። ድንጋዮቹን ያየ ሁሉ «ይሄ ማረፊያ ነው እንጂ ሰው አይደለም» ብሎ ያልፋል።

ሁለተኛው የማዕረግ ደጅ ነው። የወገኖች ስም እዚህ ያድራል። ከስሙ ፊት ከሦስት ቃላት አንዱ ሳይቀድም ግን አይጠራም፤ ወይ ቤተ፣ ወይ ጎጆ፣ ወይ ተርታ ይባላል። ቤተ የሚባለው ወገን ለያንዳንዱ አባሉ የራሱ እልፍኝ አለው። ጎጆ የሚባለው ምስኪን ነው፤ አባላቱ ብዙ፣ አልጋው አንድ። አንዱ ሲተኛ ሌላው መነሳት አለበት፤ አልነሳም ያለ ጠዋት ሲነቃ ራሱን ጎረቤቱ ሆኖ ያገኘዋል። ተርታ የሚባለው ደግሞ ልጆቹን ደርድሮ ቁጥር የሚሰጥ ነው፤ ያውም ቆጠራውን ከባዶ ይጀምራል። በኩር ሆኖ ተወልዶ «ባዶ» መባል ምን እንደሚመስል የተርታ በኩሮችን ጠይቁ። ታዲያ ቃላቱ ሦስት ይሁኑ እንጂ ደጃቸው አንድ ነው። ቤተ እገሌ ካለ ጎጆ እገሌ አይኖርም።

ሦስተኛው የእልፍኝ ደጅ ነው። እያንዳንዱ ወገን በግቢው ያሉትን እልፍኞች ደስ እንዳለው ይሰይማል። የጎረቤቱ ወገን በዚያው ስም ቢሰይም ማንም ማንንም አይከስስም፤ ወደ እልፍኝ የሚገባው በጌታው በኩል ብቻ ነዋ። እደጁ የደረሰ የጌታውን ስም ጠርቶ ነጥብ ያስቀምጥና እልፍኙን ይጠራል። ከሩቅ ያለ በቀስት ይጠቁማል።

አራተኛው ሜዳው ነው። ቃል የማይቀድመው፣ ድንጋይ የማይቆምለት፣ ጌታ የሌለው ሁሉ የሚሰፍርበት። ሰውም፣ ሥራም፣ ቁልምጫም እዚያው ይጋፋል። በሜዳ አንድ ስም ለአንድ ነው።

አንድ እንግዳ በዚያ ሲያልፍ «የቤተ ወለላ ሎሌ ከወለላ ወጥቶ፣ ወለላ አርፎ፣ ወለላን ውሃ ለመናት» ሲባል ሰማና ራሱን ይዞ ተቀመጠ አሉ። የአገሩ ሰው ግን አልተደናገረም። ቤተ ወለላ ትልቁ ወገን ነው። ሎሌው የወጣበት ወለላ በዚያ ግቢ ያለው የማር እልፍኝ ነው። ያረፈበት ወለላ ሁለቱ ድንጋይ ያሉበት ማረፊያ ነው። ውሃ የለመናት ወለላ ደግሞ ሴትዮዋ ናት። ወለላ አራት፣ ደጁም አራት፣ ጠብ የሚባል የለም። እንዲህ ያለ ብልህ ሥርዓት ይህን ያህል ጅል ሹም ማፍራቱ ነው የሚገርመው።

አንድ የቀረ ነገር አለ፤ ትልልቆቹ የልጆች ጨዋታ ነው ብለው ይንቁታል። ልጆች በግቢያቸው አጥር ውስጥ ውሻቸውን በቤተ ወለላው አዛዥ ስም ይጠሩታል። «ዳምጠው! ና፣ አጥንት!» ይላሉ። ማንም አይቀጣቸውም። አጥር ውስጥ የተሰየመ ስም ከአጥር ውጭ ያለውን ያንኑ ስም ይሸፍናላ። ከአጥሩ ሲወጡ ሽፋኑ ይነሳና ዳምጠው እንደገና አዛዥ ይሆናል፣ ውሻውም ውሻ።

እንግዲህ ወለላ፣ ሴትዮዋ፣ ውሃ አስቀጂ ነበረች። በሜዳው ጥግ ያለውን ጉድጓድ የምትከፍተውም የምትዘጋውም እሷ ናት። ሌላው ጉድጓድ ሁሉ ጨው ጨው ይላል፤ የእሷ ብቻ ጣፋጭ ነው። ከስሟ ፊት ምንም ቃል አልነበረም። እናቷ ወለላ አለቻት፣ ወለላ ሆነች። ሰው ከሩቅ «ወለላ!» ሲል «አቤት!» ትላለች፣ ገመዱም ይወርዳል። በዚያ አገር ደግሞ የማይጠራ ሰው እንደሌለ ይቆጠራል። ሰላም አይባልም፣ አይታማም፣ ሲሞትም አይለቀስለትም፤ አልቃሽ ስሙን አታውቅማ።

የቤተ ወለላ ጌታ አዛዥ ዳምጠው ነበር። አንድ ቀን ሰዎቹን ሰብስቦ ጢሙን እየጎተተ ተናገረ።

«ቤተ፣ ቤተ፣ ቤተ! ማንም ሎሌ ወገኔን በጠራ ቁጥር አፉን ከፍቶ 'ቤ' ይላል። በግ ነን እንዴ?»

«አይደለንም ጌታዬ!» አሉ በጎቹ በአንድ ድምፅ።

«እንግዲያስ ከዛሬ ጀምሮ ወገኔ ወለላ ተብሎ ብቻ ይጠራ። እኔም በወገኔ ስም ወለላ እባላለሁ። ከፊቱ ምንም እንዳይቀድም!»

አገሩ ይህን የቁልምጫ አዋጅ ይለዋል። ለረጅም ስም አጭር መጠሪያ ማውጣት ነው። ክፋት የለውም፤ ብዙ ወገን አድርጎታል። ግን ቁልምጫ የሚያድረው የት ነው? ሜዳ ነዋ! አዛዡ በማዕረግ ደጅ ያለውን ቦታ አልለቀቀም፤ ማዕረግ የሚለቅ ማን አለ? እዚያ እንደተቀመጠ፣ እዚህም መጣ። አዋጅ ስለሆነም ከጥሪው አናት ላይ ተደረገ።

በማግስቱ ታላቁ ጠሪ ግንቡ ላይ ወጣ። ከአናት ጀመረ። «ወለላ!» አለ፣ ቁልምጫውን። ወረደ፣ ወረደ፣ ብዙ ስም ጠራ። ሜዳው ጥግ ደረሰ። «ወለላ...» ብሎ ዘንጉን አነሳ። ዘንጉ መሬት መታ።

«ተደገመ!»

ወፍጮው ቆመ። ወለላ ባልዲዋን እንደያዘች እግንቡ ሥር ሄደች።

«ጌታዬ፣ ማን ነው የደገመው?»

«ኋላ የተጠራ ነዋ።»

«እኔ እኮ እዚህ ጉድጓድ ላይ ጸጉሬ ሸበተ። እሳቸው ትናንት ነው የመጡት!»

«ከላይ የተጠራ ቀድሞ ተወልዷል» አለ ጠሪው። ወደ ታች እንኳ አላያትም፤ ያለፈው ስም ላይ ዓይኑን አይጥልም።

ሕዝቡስ? ሕዝቡማ የሚቆጣውን ያውቃል! አዛዡን አልተቆጣም፤ የአዛዡ ግቢ ውሻ አለው። ወለላን ከበባት።

«ምናለ ስምሽን ብትለቂ? እህሌ እኮ ወፍጮ ቤት ቀረ!» አለ አንዱ።

«ስም ምን ይሠራልሻል? ውሃ ነው የምታስቀጂው!» አለች ሌላዋ። ራሷ ግን የራሷን ስም ከቀሚሷ ጥልፍ ላይ ሦስት ቦታ አስጠልፋለች።

ወለላ ወደ ስም ቤት ሄደች። ስም ቤት አራት መስኮት አለው፣ ለአራቱ ደጅ። አራት መስኮት ይኑረው እንጂ ሹሙ አንድ ነው፤ ሹም በላቸው ይባላል። በየመስኮቱ የተሰቀለ ቆብ አለ። ከአንዱ መስኮት ወደ ሌላው ሲሄድ ቆብ ይቀይራል፤ ቆብ ሲቀይር ደግሞ ሰው ይረሳል።

የሜዳውን ቆብ አድርጎ ብቅ አለ።

«ማን ልበል?»

«ወለላ።»

«ተይዟል። ሌላ አምጪ።»

«ሌላ ከየት ላምጣ? የወለደችኝ የሰጠችኝ አንድ ነው።»

«ጨምሪበታ! ወለላዊት በይው። ወይም ከኋላው ቁጥር ለጥፊበት። ትናንት አንዱን 'ዘውዴ ሁለት' ብዬ ሸኘሁት፣ ደስ ብሎት ሄደ።»

«ደስ ብሎት ነው፣ ዘውዴ አንድን ፈርቶ?»

ሹም በላቸው መስኮቱን ዘጋ። የመንገዱ መስኮት ተከፈተ። ያው ፊት፣ ሌላ ቆብ።

«ማን ልበል?»

«አሁን እኮ ነገርኩዎት።»

«ለኔ አልነገርሽም።»

«ወለላ!» አለች ጥርሷን ነክሳ።

«ጥሩ ስም ነው። በማዶ ሰፈር ወለላ የሚባል ማረፊያ የለም፤ እያንዳንዱ ሰፈር ማረፊያውን ለብቻው ነው የሚሰይመው። ሁለት ድንጋይ ከጎንሽ ላቁምልሽ፣ ስምሽ አይነካም።»

«እዚያ ቆሜ ምን እሠራለሁ?»

«ምንም። 'ሂድ ወለላ' የተባለ ይደርስብሻል፣ ከዚያ ያልፍሻል።»

«ባልዲዬስ?»

«ማረፊያ ነገር አይዝም፣ እናቴ። ባልዲም ቢሆን።»

ሦስተኛው መስኮት ላይ ስሟን ሳትጠየቅ ተናገረች፤ እሱ ግን ቆቡን አስተካክሎ «ማን ልበል?» ማለቱን አልተወም። ከዚያ ድምፁን አለሰለሰ።

«ቤተ ጎንጤ አንድ እልፍኝ ጎድሎታል። እዚያ ገብተሽ ኑሪ። አዛዡ ቢመጣ እንኳ አይደርስብሽም።»

«ማን ይጠራኛል?»

«ጌታሽን የጠራ። ጎንጤ፣ ነጥብ፣ ወለላ። ያለ ጌታሽ ብትጠሪ ማንም አይሰማሽም።»

«እኔ ጌታ የለኝም።»

«እሱ ነው እኮ በሽታሽ!»

በመጨረሻው መስኮት እሷ ቀደመችው። «ጎጆ ወለላ ልባል፤ አልጋ መጋራቱን እችላለሁ።»

«ቤተ ወለላ እያለ? ሦስቱ ቃላት በአንድ ደጅ ነው የሚያድሩት።»

«ጌታው ወደ ሜዳ ወጥተው የለም እንዴ?»

«መውጣት ሌላ፣ መልቀቅ ሌላ።»

«እሳቸው ሁለት ቦታ ሲይዙ እኔ አንዱን አጣሁ ማለት ነው?»

«አሁን ገባሽ!» አለ ሹም በላቸው፣ ደካማ ተማሪው እንደመለሰለት መምህር ፊቱ በርቶ።

ወለላ ስትመለስ ጓደኛዋ ረፋድ መንገድ ላይ ጠበቀቻት። ረፋድ የተርታ ቀን ልጅ ናት። ወንድምና እህቶቿ ንጋት፣ ቀትርና ሠርክ ይባላሉ፤ ንጋት በኩሩ ነው፣ ማለትም ባዶው። ተርታ ቀን ትልቅ፣ የተቀረጸ በር አለው። አገር የሚያየው በር ነው።

«ምን ያንከራትትሻል? እኛ ዘንድ ግቢ» አለች ረፋድ። «ከሠርክ ቀጥለሽ ትሰለፊያለሽ። ቁጥርም ታገኛለሽ። ይሄንን በር እዪው እስቲ! ከዚህ ውስጥ ማን ይደርስብሻል?»

ወለላ በሩን አየች። በሩ እውነትም በር ነው። ከሜዳው ስሟን አነሳችና ገብታ ከሠርክ ቀጥላ ተሰለፈች። ያን ማታ ወለላና ረፋድ በር በሩን እያዩ ተሳሳቁ።

በማለዳ ጠሪው ግንቡ ላይ ወጣ። ከአናት «ወለላ!» አለ። ወረደ። ተርታ ቀን ደረሰ። «ንጋት፣ ረፋድ፣ ቀትር፣ ሠርክ፣ ወለላ...»

«ተደገመ!»

«እንዴት?» ጮኸች ረፋድ። «እሷ እኮ ቤታችን ውስጥ ናት!»

ያን ጊዜ ነው ወለላ ዞር ብላ ያየችው። ተርታ ቀን በር አለው እንጂ አጥር የለውም። በሩ ሜዳ መካከል ብቻውን ቆሟል፤ ከፊቱም ሜዳ፣ ከኋላውም ሜዳ። የተርታ ስም ራሱ በማዕረግ ደጅ ያድራል፣ እውነት ነው። ልጆቹ ግን አንድ ሳይቀር የሜዳ ሰዎች ናቸው። ዕድሜ ልካቸውን በር ከፍተው ሲወጡና በር ዘግተው ሲገቡ ኖረው፣ ግድግዳ እንደሌለ ያየ አልነበረም። ረፋድ እበሩ ሥር ተቀምጣ ፊቷን ሸፈነች። ንጋት ግን በሩን ቆለፈው፤ ልማድ ነው።

አሁን የሕዝቡ ቁጣ ወደ ድንጋይ ማንሳት ተጠግቷል። ሹም በላቸውም ከነቆቡ መጣ፤ የትኛውን ቆብ እንዳደረገ ማንም ልብ አላለም።

«ሴትዮ፣ እስከ ነገ ጥሪ ስም ካልቀየርሽ ስምሽ ይፋቃል። ከዚያ አንቺ የለሽም። ጉድጓዱም የአዛዡ ይሆናል።»

ወለላ ዙሪያዋን አየች። ሲጠሯት «አቤት» ያለቻቸው ድምፆች ሁሉ ከበዋት ቆመዋል፤ አንዱም ስሟን አልጠራም። ከአሁኑ «ሴትዮ» ሆናለች።

«ምን ታያለሽ?» አለ ሹሙ፣ ሕዝቡን ለማሳቅ። «እንቢ ካልሽ እንደነዚያ ውሻ ሰያሚ ሕፃናት ጉድጓድሽን እጠሪና ራስሽን ሰይሚያ!»

ሕዝቡ ሳቀ። ወለላ አልሳቀችም፤ እንጨት ለመፍለጥ ሄደች።

ያን ቀን ሙሉ ስትቆፍር፣ ስትተክል፣ ስታስር ዋለች። ረፋድ በነጠላዋ እንባዋን ጠርጋ መጣችና ገመድ ታቀብላት ጀመር። አጥሩ እንደ ሁለት የታጠፈ ክንድ ከግራም ከቀኝም ጎብጦ ጉድጓዱን አቀፈው። ወለላ ስሟን ከተርታ ቀን አንስታ፣ ከመግቢያው ላይ ቆማ ጮክ ብላ ራሷን ሰየመች። ሥራዋን ነው ያስቀደመችው፤ ይህ ደንብ ነው። በአጥር ውስጥም ቢሆን ምን እንደሆንክ ሳትናገር ስምህን ብቻ ብታነሳ፣ ጠሪው የውጭውን ሰው የጠራህ ይመስለዋል።

«ውሃ አስቀጂ ወለላ!» አለች።

በማለዳ ጠሪው ከአናት ጀመረ። «ወለላ!» ወረደ። በሜዳው ሌላ ወለላ አልነበረም። ተርታ ቀንን አለፈ፤ ከሠርክ ቀጥሎ ማንም የለም። አጥሩ ዘንድ ደረሰና፣ አጥር ሲከፈት እንደ ወጉ፣ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ውሃ አስቀጂ... ወለላ።» ዘንጉ ከፍ አለ። ሕዝቡ ወደ ግንቡ አንጋጠጠ። ዘንጉ ቀስ ብሎ ወረደ፣ መሬት ሳይመታ። አጥሩ ተዘጋ፤ ጠሪው ድምፁን ከፍ አድርጎ ቀጠለ። ጥሪው አለቀ። ወፍጮው ዞረ። ያ ሁሉ ሕዝብ እንስራውን ይዞ ወደ አጥሩ መጣ፣ አንድም «ይቅርታ» ያለ የለም። ግን ከመግቢያው ሲያልፉ ሁሉም «ወለላ!» አሉ፤ ሌላ መጠሪያ የለማ። እሷም «አቤት!» አለች።

ያን ቀን ደግሞ አዛዥ ዳምጠው ለአዲሱ ቁልምጫው ድግስ ደግሶ ብርዝ ሊያስበጠብጥ ነበር። በጨው ውሃ ብርዝ አይበጠበጥም። ሎሌዎች ላከ።

«ወለላ ልኮን ነው» አሉ እመግቢያው ቆመው።

«እኔ ማንንም አላክሁም» አለች።

«አንቺን አይደለም፣ ወለላ!»

«አዎ። አላክኋችሁም።»

ሎሌዎቹ ሄደው ቢነግሩት አዛዡ ራሱ በበቅሎ መጣ። ሹም በላቸው አራቱንም ቆብ ታቅፎ ከኋላው ይሮጣል። አዛዡ አጥሩን አልፎ ገባ፤ የተሰለፉት ሴቶች ገለል አሉለት። ወለላ ገመዷን ይዛ ቀና አለች።

«ማን ልበል?»

«ወለላ ነኝ!» አለ አዛዡ።

ሴቶቹ ተያዩ። «ውይ፣ ወለላ ጢም አወጣች!» አለች ረፋድ፤ እንስራ የያዘ ሁሉ እንስራውን እስኪያስቀምጥ ሳቀ።

አዛዡ ወደ ሹሙ ዞረ። «በላቸው! ንገራት!»

ሹም በላቸው አንዱን ቆብ አደረገ፣ አወለቀ፣ ሌላውን አደረገ። የትኛውም አልረዳውም።

«ጌታዬ፣ እዚህ አጥር ውስጥ ቁልምጫዎ... ተሸፍኗል። ወለላ ሲባል እሷ ናት።»

«ታዲያ እኔ የለሁም?»

«አሉ እንጂ፣ ጌታዬ! ማዕረግዎ ሌላ ደጅ ነው፤ ማንም አይሸፍነውም። ሙሉውን ቢጠሩት ይሰማል።»

«ሙሉውን ምኑን?»

«ያችን... የፊቷን ቃል።»

አዛዡ ዙሪያውን አየ። እቤቱ ብርዝ የሚጠብቅ እንግዳ ሞልቷል። አንገቱ ቀላ። አፉን ከፈተ፣ ዘጋ፣ እንደገና ከፈተ።

«ቤ...» አለ።

ከገንዳው ውሃ ይጠጣ የነበረ አንድ በግ ቀና ብሎ መለሰለት።

«አቤት፣ የቤተ ወለላ ጌታ» አለች ወለላ፣ ገመዱን እያወረደች። «ከረፋድ ቀጥለው ይሰለፉ።»

ወሬው ይኸው ነው። ሂዱና ራሳችሁ ሞክሩት። ነገ ጉዳይ ይዛችሁ የቆማችሁበት መስኮት «ማን ልበል?» ሲላችሁ፣ ከፊቱ ምንም ሳታስቀድሙ ስማችሁን ብቻ ንገሩት። ከዚያ ፊቱን እዩ። ቀና ካላለ ቤታችሁ ግቡና እንጨት ፍለጡ።

በር ግን አትሥሩ። መጀመሪያ አጥሩን።